ሽልማት በሌለው ሩጫ መዋሸት ማንን ይጎዳል?

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ለአንዳንዶቻችሁ ከቁም ነገር የማይቆጠር መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። እኛም ራሳችን ለወራት ስንስቅበት የቆየን ነን። ነገሩ ስለ ሩጫ ነው፤ ሩጫ ስንልም ሜዳልያና ገንዘብ ስለሚገኝበት ሩጫ ሳይሆን፣ ማንም ሳያዝዘው፣ ማንም ሳይከፍለው፣ በገዛ ፈቃዱ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሮጦ ወደ ቤቱ ስለሚገባ ሰው ነው። እንዲህ ያለው አማተር ሯጭ ስለ ሮጠው መንገድ ቢዋሽ ማንን በደለ ይባላል? ተቀናቃኝ የለው፣ ዳኛ የለው፣ ከሌላ ሰው እጅ የነጠቀው ዋንጫ የለ። ታዲያ በደሉ የት ላይ ነው?

ይህን የምንጠይቀው ለክርክር ያህል አይደለም። የዋሸነው እኛ ስለሆንን ነው።

አራት ነን። ሁለታችን የቢቸና፣ ሁለታችን የሞጣ ልጆች ስንሆን የተዋወቅነው በዩኒቨርሲቲ ነው። ማራቶን ለመሮጥ ያሰብነውም እዚያው፣ በአንድ ማታ ጨዋታ ላይ ነበር። ከመካከላችን አንዱ፣ «ከቢቸና እስከ ሞጣ በእግር የሄደ አባት እንጂ የሮጠ ልጅ አልሰማንም» ቢል፣ ሌላው፣ «መንገዱ እኮ ሁለት ማራቶን ያህላል፤ እኛ ግማሹን ብንሮጥስ?» አለ። በዚያው ተያዝን። አምስት ወር ሙሉ ተለማመድን። በሳምንት ሦስት ቀን አጫጭር፣ ቅዳሜ ደግሞ ረጅም ሩጫ እናደርግ ነበር፤ እሑድ ቅዳሴ ስላለ ረጅሙን ወደ ቅዳሜ ማምጣት ግድ ነበር። ከ8 ኪሎ ሜትር ተነሥተን ቀስ በቀስ 28 ደረስን። ጫማችን ከሰልባጅ የተገዛ፣ ስንቃችን በሶ ነበር። ለክረምት ዕረፍት ወደ አገራችን ስንገባ ልምምዱን በቢቸና ዙሪያ ቀጠልን። የቢቸናን ዋልካ በክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከመንገዱ ዳር አንድ እርምጃ ወጣ ያለ ሰው ጫማው ሌላ ጫማ ለብሶ ይመለሳል።

አንድ ቀን ጠዋት ከቢቸና ወደ ደብረ ወርቅ በሚወስደው መንገድ ስንሮጥ፣ እንጨት ተሸክመው ወደ ከተማ የሚገቡ አንዲት እናት ሸክማቸውን ሳያወርዱ ቆመው አዩንና፣

«ምነው ልጆቼ፣ ማን እያባረራችሁ ነው?» ሲሉ ጠየቁን።

«ማንም አያባርረንም እማማ፤ ለጤናችን ነው» አልናቸው።

«ጤና ካላችሁማ ምን ያስሮጣችኋል?» ብለውን መንገዳቸውን ቀጠሉ።

እኛ ሳቅን። ሆኖም የዚያን ዕለት ማታ ነገሩን ስናነሣው ሳቁ አልመጣም። እኛ 16 ኪሎ ሜትር ሮጠን ነበር፤ እርሳቸውም ከነሸክማቸው የሄዱት መንገድ ቀላል አይመስለንም። የእርሳቸው ድካም እሳት ሆኖ እንጀራ ይጋግራል። የእኛ ላብ ግን መሬት ላይ ቀረ፤ ይባስ ብሎም ቤት ስንገባ የእናቶቻችንን መሶብ ከወትሮው ይልቅ አራቆትነው። ሌላው ሰው ለኑሮው የሚደክመውን ድካም እኛ ለደስታችን መድከማችን ተገቢ ነውን? ለዚህ ጥያቄ በዚያን ጊዜ ያገኘነው መልስ፣ ቢያንስ በምንሠራው ነገር እውነተኞች እንሁን የሚል ነበር። ጥቅም ባይኖረው እንኳ እውነትነት ይኑረው አልን። ይህን ያልንበትን ማታ በኋላ ስናስታውሰው አፍረናል።

በሀገራችን እንዲሁ ለፍላጎት መሮጥ እንግዳ ነገር አለመሆኑን የምታውቁት ነው። በኅዳር 1994 ዓ.ም. አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ያስጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በዐሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ አውጥቶ አሩጧል። ያ ግን 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ እየዘፈኑም፣ እያወሩም የሚጨርሱት ነው። ማራቶን ሌላ ነው። ማራቶን በእኛ ቤት የአበበ ቢቂላ ስም ነው። አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ማታ፣ ልክ በዐዲስ ዓመታችን ዋዜማ ነበር። ከአባቶቻችን ይህን ያልሰማ የለም። በዚያው ሩጫ ላይ አበበ ዋቅጅራ የሚባል ሌላ ኢትዮጵያዊ 7ኛ መውጣቱን ግን ከእኛ ከአራታችን አስቀድሞ ያወቀ አልነበረም። ከዓለም ሁሉ 7ኛ መውጣት ቀላል ነገር ነውን? እንግዲህ ስም የሚቀረው ለአንደኛው ብቻ ከሆነ፣ አማተሩ ገና ሲነሣ ስም እንደማይቀርለት ዐውቆ ነው የሚነሣው።

ስለ ርዝመቱም አንድ ነገር እንበል። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር የሚባለው ልክ በ1900 ዓ.ም. ለንደን ላይ በተደረገው ኦሎምፒክ ከዊንዘር ቤተ መንግሥት እስከ ስታዲየሙ የተለካ ርቀት ነው፤ ኋላ ለሁሉም ማራቶን መደበኛ ልክ ሆኖ ቀረ። እኛም ልኩ እንዳይጎድልብን ብዙ ተጠነቀቅን። የአንዳችን ዘመድ በመኪናው ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ከሞጣ መግቢያ ተነሥቶ ወደ ኋላ 42 ቆጠረልን። ከዚያ ላይ 195ቱን ሜትር በገመድ ለካን። በገመድ! ይህን ልብ በሉልን፤ ኋላ የሆነውን ስትሰሙ ትስቃላችሁ።

በሐምሌ 2014 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ልክ በ12 ሰዓት ከዚያች ትንሽ መንደር ተነሣን። በሀገራችን የሰዓት አቆጣጠር በ12 መነሣት ደግ ነገር አለው፤ ሰዓቱ ራሱ ይቆጥርልሃል። ሰማዩ ደምኖ ነበር። የመጀመሪያዎቹ 20 ኪሎ ሜትሮች በደስታ አለፉ። እረኞች አብረውን እየሮጡ ሸኙን፤ በኮንጎ ጫማ የሮጠው አንዱ እረኛ እንዲያውም ለሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ቀድሞን ከቆየ በኋላ ከብቶቹ ትዝ ብለውት ተመለሰ።

27ኛው ኪሎ ሜትር ላይ እግራችን ሞተ። ሌላ ቃል የለንም። በኋላ ከመጻሕፍት እንደተረዳነው ሰውነታችን ከምግብ ያገኘውን ስኳር በጡንቻና በጉበት ውስጥ ያከማቻል፤ ይህ ስንቅ ግን ውሱን ስለሆነ ሯጩ 30ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ሊሟጠጥ ይችላል። ከዚያ በኋላ ሰውነት በአብዛኛው ስብ እያቃጠለ ይሄዳል፤ ስብ ደግሞ ኃይሉን የሚሰጠው ቀስ ብሎ ነው። አገራችንም ከባሕር ወለል በላይ ከ2400 ሜትር የሚበልጥ ደጋ ስለሆነ አየሩ ራሱ ስስ ነው። እኛ ግን በዚያች ሰዓት ይህን ሁሉ አላወቅንም፤ የመሰለን ወንድነታችን ያለቀ ነው። ሰዓታችን 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይላል። ዝናቡ ወረደ። ዝናብ ብቻ ሳይሆን በረዶ የቀላቀለ ነበር።

በዚህ መካከል አንድ አይሱዙ የጭነት መኪና ከኋላችን መጣ። ሾፌሩ ያውቀናል። «ግቡ እንጂ ልጆች! ዝናቡን አታዩትም?» አለን። እርስ በርሳችን ተያየን። ማናችንም «እንግባ» አላልንም፤ ማናችንም «አንግባ» አላልንም። ገባን። ዐሥር ኪሎ ሜትር ወስዶ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ሞጣ ሊገባ አምስት ኪሎ ሜትር ሲቀረው «እዚህ አውርደን» አልነው። ለምን እዚያ? የሞጣ ሰንበት ተማሪዎች ከከተማው መግቢያ ላይ እንደሚጠብቁን ስለምናውቅ ነዋ! ሾፌሩ ምንም አላለም። ከወረድን በኋላ ግን ጡሩንባውን ሁለት ጊዜ ነፍቶ አለፈ፤ ያ ጡሩንባ እስከ ዛሬ ጆሯችን ላይ አለ።

የቀረውን አምስት ኪሎ ሜትር በእንፉቅቅ ሮጠን ሞጣ ገባን። እልልታው ቀለጠ። አንዲት እኅት ዳቦ ይዛ፣ ልጆች ዝማሬ ይዘው ጠበቁን፤ አንዱ አባትማ ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ሯጮች የጻፈውን አንሥተው መከሩን። «ስንት ሰዓት ፈጀባችሁ?» ተባልን። አንዳችን ሰዓቱን አይቶ «3 ሰዓት ከ36» አለ።

እዚህ ላይ እንቁም። ይህ ቃል በራሱ ውሸት አልነበረም። ከተነሣንበት እስከ ደረስንበት የፈጀብን ጊዜ በእርግጥ 3 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ነው። በዚያን ሰዓት ሁላችንም በልባችን የያዝነው ምክንያት ይኸው ነበር፤ ዋሽተን ሳይሆን ዝም ብለን ነው የሚል። ይሁን እንጂ ከሳምንት በኋላ ሰንበት ትምህርት ቤቱ የማስታወሻ ደብተር አውጥቶ፣ «42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር፣ በ3 ሰዓት ከ36 ደቂቃ» ብሎ ጽፎ አስፈረመን። አራታችንም ፈረምን። ዝምታው እጅና ብዕር አወጣ ማለት ነው።

ወደ ዩኒቨርሲቲ ስንመለስ ነገሩ የማታ ጨዋታችን ሆነ። «አይሱዙም እኮ ለመሮጥ ልምምድ ያስፈልገዋል» እየተባባልን እንስቅ ነበር። ማን ተጎዳ? ዳቦው ተበላ፣ ዝማሬው አለፈ።

በጥር 2015 ዓ.ም. ለዕረፍት ሞጣ ስንሄድ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጅ አጣን። ዕድሜው 16 ነው። በሐምሌ ሲቀበሉን ከፊት ቆሞ የነበረው፣ የአንዳችንን ጫማ ተሸክሞ ቤት ድረስ የሸኘን ልጅ ነው። ጠይቀን ቤቱ ሄድን። መጀመሪያ ሊያናግረን አልፈለገም። በኋላ ቀስ ብሎ እንደነገረን፣ እኛ ከሄድን ጀምሮ ብቻውን ሲለማመድ ቆይቷል። ደብተሩ ላይ ያለውን ሰዓታችንን ለኪሎ ሜትር አካፍሎ፣ እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በአምስት ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ መሮጥ እንዳለበት አወቀ፤ በሒሳብ ጎበዝ ነው። በዚያ ፍጥነት ሦስት ጊዜ ሞከረ። ሦስቱንም ጊዜ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ወደቀ። ወቅቱ ጾመ ነቢያት ነበርና፣ «እነርሱ ችለው እኔ ያልቻልኩት በጾም ስለምሮጥ ነው» ብሎ አሰበ። ጾሙን ተወ። የተወውም ከእናቱ ተደብቆ ነው፤ እናቱ ለጾሙ የሚያዘጋጁለትን እየበላ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ጓደኛው ቤት ወተት እየጠጣ። ከዚያም በአራተኛው ጊዜ ወደቀ። «ጾሜንም አጣሁ፤ ሩጫውንም አጣሁ» አለን። ሰንበት ትምህርት ቤት የቀረው ይህን ከብዶት ነው።

አስቡት እንግዲህ። እኛ ራሳችን በአምስት ደቂቃ ሮጠን አናውቅም! ከመኪናው በፊት የሮጥነው እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር ከስድስት ደቂቃ በላይ፣ ከመኪናው በኋላ የሮጥነው ደግሞ ከሰባት ደቂቃ በላይ እየፈጀብን ነው። ልጁ ሲያሳድድ የኖረው እኛን ሳይሆን የአይሱዙውን ጎማ ነው። «27ኛው ላይ እግራችን ሞተ» ብለን እውነቱን ተናግረን ቢሆን ኖሮ፣ እርሱም 25ኛው ላይ ሲወድቅ «ማራቶን እንዲህ ነው ማለት ነው» ብሎ ተነሥቶ ይሄድ ነበር። ለእርሱ ይጠቅመው የነበረው ድላችን ሳይሆን ውድቀታችን ነበር፤ እኛም የደበቅነው ያንኑ ነው።

በዚያ ማታ ከመካከላችን ክርክር ተነሣ። አንዱ ወንድማችን እንዲህ አለ፤ «ጾሙን ያፈረሰው ልጁ ነው። እኛ ጾምህን ተው አላልነውም፤ ሩጥም አላልነውም። ሰው ሁሉ ስለ ገዛ ሥራው እንጂ ሌላው እርሱን አይቶ ስለሚያደርገው ሁሉ ሊጠየቅ ነው? እንዲያማ ከሆነ ከቤት መውጣትም አይቻልም።» ይህ አባባል በዋዛ የሚጣል አይደለም። ልጁ ራሱም ጥፋቱን በእኛ ላይ አላላከከም። ሌሎቻችን የመለስንለት ግን ይህ ነው፤ ሰው አይቶን የሚያደርገው ሁሉ ዕዳችን ባይሆንም፣ የምንሰጠው መስፈሪያ ግን ዕዳችን ነው። በገበያ ቁናው የጎደለ ነጋዴ ጤፉን የገዛው ሰው ቤት ገብቶ ልጆቹን አላስራበም፤ ነገር ግን ባለቤቲቱ «ይህ ለሳምንት ይበቃናል» ብላ ያሰበችው በእርሱ ቁና ነው። ሐሙስ ላይ ዱቄቱ ሲያልቅ ራሷን ነው የምትወቅሰው፣ «አባካኝ ነኝ» ብላ። ልጁም ያደረገው ይህንኑ ነው። ያ ወንድማችን እስከ ዛሬ በሐሳቡ አልተስማማም፤ ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅም የእርሱ ሐሳብ እንዲገባ ጠይቆ አስገብተነዋል።

ምክር ፍለጋ በቢቸና አካባቢ ወዳሉ አንድ የቅኔ መምህር ሄድን። የኔታ በወጣትነታቸው ከዲማ ጊዮርጊስ ተነሥተው በየጉባኤ ቤቱ ሲዞሩ በእግራቸው ጎጃምን ያካለሉ አባት ናቸው። ታሪካችንን ዐይናቸውን ጨፍነው ሰሙንና፣

«ስለት ነበር?» ሲሉ ጠየቁን።

«አይደለም የኔታ።»

«ለደብረ ወርቅ ማርያም፣ ለመርጡለ ማርያም በእግሬ እሄዳለሁ ብሎ የተሳለ ሰው በመኪና ቢሄድ፣ የሚጠይቀው አለ። እናንተ ለማንም አልተሳላችሁም። መቆሙም ነውር አይደለም፤ ዝናብ ነበር፣ ደክሟችኋል። እኔም ከሁለት ጉባኤ ቤት ሳልጨርስ ወጥቻለሁ።»

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና እንዲህ አሉን፤ «የቆሎ ተማሪ ከአንዱ ጉባኤ ወደ ሌላው ሲሄድ 'እስከ መወድስ ዘልቄያለሁ' ብሎ ሊዋሽ ይችላል። መምህሩ ግን 'እስቲ ቁጠር' ይለዋል። ጉባኤ ቃና ብቻ የሚያውቅ ከሆነ እዚያው ይወጣል፤ ቅኔው ይመሰክርበታል። በእናንተ ላይ የሚመሰክር አልነበረም። የመሰከረባችሁ ልጁ ነው፤ እርሱም በሥጋው።»

ከዚህ በላይ አልተናገሩንም። በሶ በጥብጠው አጠጥተው ሸኙን።

በመንገድ ላይ የኔታ «መቆሙ ነውር አይደለም» ያሉትን ስናወጣ ስናወርድ፣ ስለ አበበ ሁላችንም የምናውቀው፣ ግን የማናወራው አንድ ነገር ትዝ አለን። ሮም ላይ ያሸነፈው አበበ፣ በ1957 ዓ.ም. ቶክዮ ላይ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ከስድስት ሳምንት በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ዳግም ያሸነፈው አበበ፣ በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ማራቶኑን አልጨረሰም። እግሩ ታሞ ነበርና 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ አቋርጦ ወጣ። በዓለም ፊት ወጣ። ያን ዕለት ወርቁን ማሞ ወልዴ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ወሰደ። በዚያው ሩጫ ላይ ጆን ስቲቨን አክዋሪ የሚባል የታንዛኒያ ሯጭ ወድቆ ጉልበቱ ተጎድቶ ነበር፤ እግሩን በፋሻ ጠቅልሎ፣ እያነከሰ፣ ማሞ ከገባ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ፣ በጨለማ፣ ከጨረሱት 57 ሯጮች የመጨረሻው ሆኖ ገባ። ብዙ ጊዜ በየስብሰባው አክዋሪ ይመሰገናል፤ መመስገኑም ትክክል ነው። ነገር ግን አበበ ከእርሱ ያነሰ ነገር ሠራ ማለት ነው? እኛ እንዲያ አንልም። አንዱ በታመመ እግሩ ቀጠለ፣ ሌላው በታመመ እግሩ ቆመ፤ ሁለቱም የሆነውን ያህል ሆነው ታዩ። አበበ በመኪና ተጭኖ ስታዲየሙ በር ላይ አልወረደም።

ይህን ያደረገ ሰው ግን በእርግጥ ነበር። በ1896 ዓ.ም. በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ በተደረገው ኦሎምፒክ ፍሬድ ሎርዝ የተባለ ሯጭ ደክሞት ካቆመ በኋላ 17 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ተጉዞ፣ ከዚያ ወርዶ እየሮጠ ስታዲየም ገባ። ሕዝቡ አሸናፊ መስሎት አጨበጨበለት። ወዲያው ተነቃበትና፣ ቀልድ ነበር አለ። እኛስ ምን ብለን ነበር? ማታ ማታ ስንስቅ የኖርነው የሎርዝን ሳቅ ነው። ይህ ሰው በሚቀጥለው ዓመት የቦስተንን ማራቶን በገዛ እግሩ ሮጦ አሸንፏል፤ ይህን ስናነብ፣ እውነት ለመናገር፣ ትንሽ ተጽናናን።

ሩጫ ምን ያህል የልክ ነገር እንደሆነ ለማየት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የደብረ ማርቆስ ልጅ የሆነችው መሰለች መልካሙ በነሐሴ 2001 ዓ.ም. በርሊን ላይ በ10 ሺህ ሜትር የዓለም ሻምፒዮና የብር ሜዳልያ ያገኘችው በአንድ ሰከንድ አንድ ዐሥረኛ ተቀድማ ነው። ከሠላሳ ደቂቃ ሩጫ በኋላ ዐይን ሲርገበገብ የሚያልፍ ጊዜ! እርሷ ያን ታህል ጊዜ ተቀብላ ሁለተኛ ነኝ አለች። እኛ ዐሥር ኪሎ ሜትር ሙሉ በኪሳችን ከትተን ዝም አልን፤ 195ቱን ሜትር ግን በገመድ ለክተናል።

በመጨረሻ ሞጣ ተመልሰን፣ በሰንበት ትምህርት ቤቱ ጉባኤ ፊት ቆመን ተናገርን። ከአራታችን የተናገረው ያ ያልተስማማው ወንድማችን ነው፤ «ባልስማማም እኔ ልናገር» አለ። የጠበቅነው ቁጣ አልመጣም፤ ጥቂቶች ሳቁ፣ ጥቂቶች አንገታቸውን ደፉ፣ ዳቦ ይዛ የተቀበለችን እኅት ግን ተነሥታ ወጣች። ልጁ በዚያ ቀን አልመጣም ነበር። ቤቱ ሄደን ለብቻው ነገርነው። ብዙ ጊዜ ዝም ካለ በኋላ፣ «እና ስንት ኪሎ ሜትር ነው የሮጣችሁት?» ብቻ ብሎ ጠየቀን። «32» አልነው። እርሳስ አውጥቶ ማካፈል ጀመረ።

ስለ ጾሙ ለንስሐ አባቱ ይናገር አይናገር አልጠየቅነውም፤ ያ የእኛ ጉዳይ አይደለም።

ደብተሩም ታረመ። «42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር» የሚለው ተሰርዞ «32 ኪሎ ሜትር» ተብሎ ተጻፈ፤ ሰዓቱም ተሰረዘ። ከሥሩ አንድ መስመር ባዶ አስቀረን። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ሙሉውን ሮጠን በዚያ መስመር ላይ ልንጽፍ ቃል ገብተን ነበር። ሆኖም በዚያ ክረምት በክልላችን ጦርነት ተነሣ፤ መንገዱም ለሩጫ የሚወጡበት መንገድ መሆኑ ቀረ። በእንዲህ ያለ ጊዜ በዚያ መንገድ ላይ የሚሮጡ አራት ወጣቶችን ያየች እናት «ማን እያባረራችሁ ነው?» ብትል ለጨዋታ አይደለም። ስለዚህ ያ ዐሥር ኪሎ ሜትር ከ27ኛው እስከ 37ኛው እንደተጋደመ ቀረ፤ መስመሩም ባዶውን ቆየ።

ከዚያ በኋላ ከልጁ አንድ መልእክት ደረሰን። ከከተማ መውጣት ስለማይቻል የኳስ ሜዳውን ዙሪያ በገመድ ለክቶ፣ ስንት ዙር እንደሚሆን በሒሳብ አውጥቶ፣ በዚያው ሮጦታል። የሚቆጥርለት ሰው ስላልነበረ በየዙሩ ከአንድ ጣሳ ወደ ሌላ ጣሳ አንድ ጠጠር ይጥል ነበር። 4 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ፈጅቶበታል። ሲጨርስ ጠጠሮቹን ቢቆጥር ሁለት ጎደሉት፤ ከጣሳው ውጭ ወድቀው ይሁን፣ ሳይሮጥ ቀርቶ ይሁን ማወቅ ስላልቻለ፣ ተነሥቶ ሁለት ዙር ጨመረ።